በበር ሳንቃ ላይ ስለተሠራችው ትንሿ ቢቸና የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ

የላይ ሰፈር መረዳጃ እድር፣ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ

ቀን፦ እሑድ ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከቅዳሴ መልስ

ቦታ፦ ቢቸና፣ በወ/ሮ ይርጋነሽ ቤት፣ የጓዳ ክፍል። የእድሩ አዳራሽ ለሠርግ ስለተከራየና የሚታየው ነገር ያለው እዚሁ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ስብሰባው እዚህ ተጠራ።

የተገኙ፦
1. አቶ ታደለ፣ የእድሩ ዳኛና ሰብሳቢ
2. አቶ ውበቴ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ (ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ድስቱ በእጃቸው ነው)
3. ወ/ሮ ባንቺዓለም፣ አባልና የቅርብ ጎረቤት
4. አቶ ሐምዱ፣ አባል፣ የሞጣ ሰው፣ እዚህ ባለ ሱቅ
5. አቶ ያለው፣ ከበላይ አካል የተላኩ የልማት አስተባባሪ፣ ድምፅ የሌላቸው
6. ወ/ሮ ይርጋነሽ፣ ጸሐፊ፣ የሟች እናት

ያልተገኙ፦ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ፣ በዚያው በአዳራሹ ሠርግ ላይ እየነፉ ስለሆነ።

ምልዓተ ጉባኤ

በደንቡ መሠረት ስብሰባ የሚጸናው አምስት አባላት ሲገኙ ነው። ድምፅ ያላቸው አራት ተገኝተዋል፣ አምስተኛዋ ጸሐፊዋ ነች። አቶ ውበቴ ጉዳዩ የገዛ ቤቷ ጉዳይ ስለሆነ ልትቆጠር አይገባም አሉ። ሰብሳቢው ካልተቆጠረች ሁላችንም ተነሥተን ወደ ቤታችን መግባታችን ነው አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ ጸሐፊዋ ምልዓተ ጉባኤውን ለመሙላት እንድትቆጠር፣ ድምፅ በሚሰጥበት ጊዜ ግን እንዳትቆጠር ተወሰነ።

ሰብሳቢው ጸሐፊዋ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረችና ቀስ ብላ የምትጽፍ መሆኗን አስታውሰው፣ ተናጋሪዎች ዝግ ብለው እንዲናገሩ አሳሰቡ። ጽሑፍ ያልደረሰበት ንግግር እንዳልተነገረ ይቆጠራል ተባለ።

አጀንዳ 1፦ ካለፈው ስብሰባ የተላለፈ ጉዳይ

የተላለፈው ጥያቄ ይህ ነው፦ በጥቅምት ወር የጸሐፊዋ ልጅ አካለ ወልድ በኩላሊት ሕመም ባረፈ ጊዜ የእድሩ ድንኳን የት ነበር?

አቶ ውበቴ ድንኳኑ ሞጣ ለባዛር ተከራይቶ እንደነበር፣ ባዛሩ ይራዘማል ብሎ ማንም ሊያስብ እንደማይችል፣ ሞቱም ቢሆን ቀድሞ ያልተነገረ መሆኑን አስረዱ። ወ/ሮ ባንቺዓለም ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ መዋሉን፣ በማግስቱም ዝናብ መጥቶ ሰው ሁሉ በየበረንዳው ተበትኖ ኀዘንተኛዋ ብቻዋን ደጃፏ ላይ መቅረቷን አነሡ። አቶ ውበቴ ለዝናቡ የንብረት ክፍል አይጠየቅም አሉ።

ሰብሳቢው ጉዳዩ ተጣርቶ መልስ እንዲሰጥበት ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ ብለው ተላለፈ። ሲተላለፍ የመጀመሪያው አይደለም።

በዚህ መካከል ጸሐፊዋ አንድ ነገር እንዲመዘገብላት ጠየቀች። ይኸውም በዚህ ክፍል ያለችው ትንሽ ከተማ ሳትነካና ሳትነሣ ባለችበት እንድትቀመጥላት ነው። ሰብሳቢው ጸሐፊ የሰው ሐሳብ ትጽፋለች እንጂ ሐሳብ አታቀርብም ብለው መለሱ፤ ጥያቄው ቀርቶ መልሳቸው ብቻ እንዲመዘገብም አዘዙ። ጥያቄው በዚያ ጊዜ ተጽፎ ስለነበር ሁለቱም ተመዝግበዋል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ትንሿ ቢቸና ማብራሪያ

ጸሐፊዋ ማብራሪያ እንድትሰጥ ተፈቀደላት።

አካለ ወልድ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ፎቶ ቤት ይሠራ ነበር። ከሥራ ሲመለስ በስልኩ የላስቲክ ጀግኖችን ፎቶ ያነሣል። እነዚህ ቁመታቸው ስንዝር የማይሞላ፣ እጅና እግራቸው የሚታጠፍ አሻንጉሊቶች ናቸው። ከፋብሪካ ሲወጡ ጡንቻቸው ተወጥሮ፣ ፊታቸው ተቆጥቶ፣ ተራራ ሊንዱ የተዘጋጁ ይመስላሉ። እሱ ግን የሚያሠራቸው የሰፈር ሥራ ነው። አንዱ አህያ ያራግፋል፣ አንዱ ጀሪካን ይዞ ለውኃ ወረፋ ይቆማል፣ ባለ ብረት ደረቱ ደግሞ የባጃጅ ጎማ ይነፋል።

የሚቆሙበት ቦታ እንዲኖራቸው ከተማ ሠራላቸው። ቤቱ በር ሲቀየርለት የወለቀውን አሮጌ ሳንቃ ሁለት በርሜል ላይ አጋድሞ፣ ከላይ ሰፈር እስከ መናኸሪያው ያለውን መንገድ ከነቤቱ አቆመበት። ግድግዳው ጭድ የገባበት ጭቃ ነው። ቆርቆሮው በማበጠሪያ ጥርስ ላይ ተጭኖ መስመር የወጣለት የሲጋራ ብር ወረቀት ነው። ሰማዩ ግድግዳው ላይ የተወጠረ አንሶላ ነው። ጉም ሲያስፈልግ እናቱ ከሳንቃው ሥር የፈላ ውኃ በድስት ታስቀምጥለታለች። የመንገዱ አፈር ከየሰዉ ደጃፍ መጥቶ በሻሽ የተነፋ ነው፤ ሌላ አፈር ፎቶ ላይ የቢቸና አይመስልም ይል ነበር።

ወ/ሮ ባንቺዓለም ከእኔም ደጅ ወስዷል ወይ ብለው ጠየቁ። ጸሐፊዋ አዎ አለች። ወ/ሮ ባንቺዓለም ለካ ሁልጊዜ ደጄን ልጥረግልዎ የሚለኝ ለዚህ ኖሯል፣ እኔ ደግሞ ጨዋ ልጅ ነው ብዬ ስመርቀው ኖርኩ አሉ። ምርቃቱ እንዲነሣ ይጠይቁ እንደሆነ ሰብሳቢው ጠየቋቸው። ይቆይ አሉ።

በዚህ ጊዜ አቶ ያለው ደርሰው ስለ ዘገዩ ይቅርታ ከጠየቁ በኋላ የመጡበትን ጉዳይ ገለጹ። አካለ ወልድ በሕይወት ሳለ ፌስቡክ ላይ አንድ ፎቶ አውጥቶ ነበር። ፎቶው ባለ ብረት ደረቱ ጀግና ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ ባጃጅ ሲገፋ ያሳያል። ፎቶውን የበላይ አካል አይቶ የቢቸና መንገድ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ጠየቀ። የሚመለከተው ክፍልም መንገዱ ጠጠር ለብሶ ተጠግኗል ብሎ መልስ ላከ። አሁን የበላይ አካል በመጋቢት እንግዶች ልኮ ሞዴል እድር ሊመርጥ ነው፤ ይህችን ትንሽ ከተማም የሕዝቡን የልማት ተሳትፎ ታሳያለች ብሎ ለዐውደ ርዕይ ጠይቋታል።

አቶ ሐምዱ ባጃጅ የገፋው አሻንጉሊት መሆኑን መልስ የላኩት ሰዎች አላዩም ወይ ብለው ጠየቁ። አቶ ያለው ደረቱን አይተው ከመንገድ ሥራ ድርጅት የተላከ ባለሙያ መስሏቸው እንደነበር አስረዱ።

መንገዱ በእውነት ተጠግኖ እንደሆነ ተጠየቀ። ሁሉም አባላት አቧራ የለበሰ ጫማቸውን አዩ።

ጸሐፊዋ ከተማዋ የልማት ሥራ አለመሆኗን፣ ልጇ የሠራት ሊጫወትባት እንደሆነ ገለጸች። ሰብሳቢው ሰው ሳያስበውም ተሳትፎ ሊኖረው ይችላል ብለው አጀንዳውን ዘጉ።

አጀንዳ 3፦ ከተማዋን ለእንግዶች ማስተካከል

አቶ ያለው ትንሿ ቢቸና በአሁኑ መልኳ ለእንግዳ የማትቀርብ መሆኗን፣ ያለውን ብቻ ስለምታሳይ የታቀደውን እንደምትጎዳ ገልጸው ነጥብ በነጥብ አቀረቡ።

3.1 ስለ መንገዱ። ትልቁን መንገድ ለመጠገን በጀት የለም፤ ተጠግኗል የሚለው መልስ ደግሞ ተልኳል። ፎቶው የተነሣው ትንሹ መንገድ ላይ ስለሆነ ትንሹ መንገድ ቢጠገን መልሱ እውነት ይሆናል አሉ። አንድ ጣሳ አሸዋ እንደሚበቃም ተሰላ። ትንሹ መንገድ እንዲጠገን፣ ትልቁ ደግሞ የትንሹን አፈጻጸም አይቶ እንዲጠብቅ ተወሰነ።

3.2 ስለ ወጣት ማእከሉ። አካለ ወልድ በማእከሉ ቦታ የሠራው የመሠረት ድንጋዩን ብቻ ነው፣ ላዩ ላይም የጭቃ ፍየል አስተኝቷል። አቶ ያለው ይህ ስድብ ነው አሉ። አቶ ሐምዱ ዛሬ ጠዋት ሲያልፉ እውነተኛዋ ፍየል በትልቁ የመሠረት ድንጋይ ላይ ተኝታ እንደነበር መሰከሩ። ማእከሉ በሳሙና ካርቶን ባለ አንድ ፎቅ ተደርጎ ተሠርቶ እንዲጠናቀቅ፣ ሲጠናቀቅም ሪባን እንዲቆረጥ ተወሰነ። ወጣቶቹ ካርቶኑ ውስጥ እንዴት እንደሚገቡ አቶ ሐምዱ ጠየቁ። ጥያቄው ቀልድ ተብሎ ታለፈ።

3.3 ስለ አባላት ቤቶች። ወ/ሮ ባንቺዓለም ቆርቆሯቸው ዝጎ መታየቱን ተቃወሙ። አምና አስቀይረውታል። ፎቅ ለመሥራትም ሐሳብ ስላላቸው ሐሳቡ ከወዲሁ እንዲሠራላቸው ጠየቁ። ሰብሳቢው ደግሞ የእሳቸው ቤት ከባሕር ዛፍ ጀርባ ተደብቆ እንግዳ ሊያየው እንደማይችል ጠቁመው፣ አርባ ዓመት እድር ያገለገለ ሰው ቢያንስ በካርቶን ወደ መንገዱ መቅረብ ይገባዋል አሉ። ወደ መንገዱ ሲቀርብ የሚያርፈው ጸሐፊዋ ደጅ ላይ ነው። የሁለቱም ጥያቄ ጸደቀ። ወ/ሮ ባንቺዓለም የሰብሳቢውን፣ ሰብሳቢውም የወ/ሮ ባንቺዓለምን ደግፈዋል።

በዚህ ጊዜ መብራት ጠፋ። ክፍሉ መስኮት የለውም። ጸሐፊዋ ተነሥታ ከአሮጌ የስልክ ባትሪ ጋር የተያያዘውን ሽቦ ስትነካካው የትንሿ ቢቸና የመንገድ መብራቶች በሩ። ስብሰባው በእነሱ ብርሃን ቀጠለ። ሰብሳቢው ከዚህ ወደ ትልቁ ሰፈር መስመር መሳብ ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ያለው እንግዶቹ ባሉበት ይህ መብራት እንዳይበራ አሳሰቡ፣ ለምን ለትንሿ በርቶ ለትልቋ ጠፋ የሚል ጥያቄ ሊመጣ ስለሚችል። ተወሰነ።

3.4 ስለ ማጓጓዝ። ሳንቃው በየካቲት መጨረሻ ወደ ዐውደ ርዕዩ እንዲሄድ ተወሰነ። አቶ ውበቴ በሩን በክንዳቸው ለክተው፣ ሳንቃው የሚወጣው በጎኑ ከተዘቀዘቀ ብቻ መሆኑን አስታወቁ። በጎኑ ሲዘቀዘቅ የቆመው ሁሉ እንደሚወድቅ ጸሐፊዋ ተናገረች። የሚወድቀው ወድቆ እዚያ ሲደርስ ይተከላል ተባለ። ማን እንደሚተክለው አልተነገረም። የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር።

አጀንዳ 4፦ ስለ ላስቲክ ሰዎቹ

አቶ ያለው በትንሿ ከተማ የሚኖሩት ሰዎች ከየት እንደመጡ እንደማይታወቅ ገልጸው የሸጣቸው ሰው እንዲያስረዳ ጠየቁ። አቶ ሐምዱ እኔ ነኝ አሉ። ሰብሳቢው ሰው በካርቶን አስመጥተህ ስትሸጥ እድሩን ለምን አላሳወቅህም አሏቸው። አቶ ሐምዱ እግራቸው ስለማይንቀሳቀስ ያመልጣሉ ብዬ አልፈራሁም አሉ።

ቀጥለው የተናገሩት ለጉዳዩ ስለሚጠቅም በቃላቸው ተመዝግቧል፦ «ዕቃው ከሞጣ ወንድሜ ጋ ነው የሚመጣው። አካለ ወልድ ሲመጣ ሌላው ልጅ የሚያየውን ሰይፍና ጋሻ አያይም። አንድ በአንድ እያነሣ ባንኮኒው ላይ ሊያስቀምጣቸው ይሞክራል። አብዛኞቹ ጉልበታቸው አይታጠፍም፣ ይገነተራሉ። ምን ፈልገህ ነው አልኩት። ለቅሶ ቤት መቀመጥ የሚችል ስጠኝ አለኝ። ጀግናው ሁሉ ቆሞ ነው የሚመጣው፣ መቀመጥ የሚያውቅ ይጠፋል አለ። ስቄ ነበር።»

አቶ ውበቴ እዚህ ላይ ስለ ሟች አንድ ነገር ተናገሩ። ጸሐፊዋ የአቶ ሐምዱን ቃል ገና ስላልጨረሰች አልተያዘም። እንዲደግሙት ተጠይቀው ተዉት።

ወ/ሮ ባንቺዓለም በትንሿ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው በር ላይ ደረቱን ከፍቶ የቆመ ሰው ማየታቸውን ገልጸው፣ ማን እንደሆነና በሳቸው በር ምን እንደሚሠራ እንዲብራራ ጠየቁ። ባለቤታቸው ካረፉ ጀምሮ በራቸው ላይ ወንድ ቆሞ አያውቅም። ጸሐፊዋ ቆርቆሮ ሊጠግን የመጣ መሆኑን፣ ልጇ መሰላል ሊሠራለት ጀምሮ እንዳልጨረሰው አስረዳች። አቶ ውበቴ መሰላል ሳይዝ ቆርቆሮ የሚጠግን ሰው እኔም አላምነውም አሉ።

«አንተ ውበቴ፣ አንተ ከነመሰላልህ መጥተህስ መቼ ጠገንክልኝ?» አሉ ወ/ሮ ባንቺዓለም።

ሰብሳቢው ሥርዓት አስያዙ። ሰውየው ከበሩ እንዲነሣ፣ ሸሚዝም እንዲለብስ ተወሰነ። ሌሎቹ የላስቲክ ሰዎችም እንግዶች ሲመጡ ፊታቸውን ወደ ልማት ሥራው አዙረው እንዲቆሙ ተወሰነ።

አጀንዳ 5፦ ስለ ድንኳን

አቶ ውበቴ በትንሿ ቢቸና፣ በላይ ሰፈር፣ አንድ ድንኳን ተተክሎ ማየታቸውን አስታወቁ። ውስጡ የተቀመጡ ሰዎች አሉበት። የሞዴል እድር እንግዳ ድንኳን ካየ ስለ ድንኳን መጠየቁ ስለማይቀር መነሣት አለበት አሉ። ሰብሳቢው ለዚህ ስብሰባ ምን ያስፈልገዋል፣ ዝም ብለህ አንሣው አሏቸው።

አቶ ውበቴ ግን ዝም ብሎ ማንሣት ለሥርዓት አይመችም አሉ። ሸራውን በጣታቸው ዳሰው፣ አረንጓዴው የእድሩ ድንኳን ሸራ መሆኑን፣ ድንኳኑ ሲሰፋ ከተረፈው ቁራጭ የተሠራ መሆኑን አረጋገጡ። ጸሐፊዋ ልጇ ድንኳኑን ሊያሰፋ ተሸክሞ ሄዶ ቁራጩ ተጥሎ ማግኘቱን ገለጸች። አቶ ውበቴ የተጣለም ቢሆን የእድር ንብረት የእድር ንብረት ነው፣ መጀመሪያ በእድሩ ስም ይመዝገብ፣ ከዚያ በንብረት ክፍል ትእዛዝ ይነቀል ብለው አጥብቀው ያዙ። የእድሩን ንብረት በማንም ጓዳ በትነን አንተውም ሲሉም አከሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ድንኳኑ በእድሩ ንብረትነት እንዲመዘገብ በአራት ድምፅ ተወሰነ። «ድንኳን፣ ትንሽ፣ ቁጥሩ አንድ» ተብሎ ተመዘገበ። አቶ ውበቴ ደስታቸውን ገልጸው ሊነቅሉት እጃቸውን ዘረጉ።

አቶ ሐምዱ ከመነቀሉ በፊት የእድሩ ደንብ ስለ ድንኳን የሚለው እንዲነበብ ጠየቁ። ጸሐፊዋ ደንቡን አወጣች። አንቀጹ እንዲህ ይላል፦ «የእድሩ ድንኳን፣ ትልቁም ሆነ ትንሹ፣ የሚተከለው ሞት በደረሰበት አባል ደጃፍ ነው። የሚነቀለውም ኀዘንተኛው ሲፈቅድ ብቻ ነው።» ይህ አንቀጽ የተጻፈው በራሳቸው በሰብሳቢው ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ድንኳን ለቀስተኛው ሳይበተን ተነቅሎ ወደ ሠርግ በመሄዱ ነበር። ያን ጊዜም የነቀሉት አቶ ውበቴ ናቸው።

ሰብሳቢው አንቀጹ ለዚህ አልተጻፈም አሉ። አቶ ሐምዱ ትንሹም ይላል አሉ። ሰብሳቢው የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ፣ ይላል አሉ።

ስለዚህ ድንኳኑ የተተከለው በማን ደጃፍ እንደሆነ ማወቅ ግድ ሆነ። ድንኳኑ ከወ/ሮ ባንቺዓለም አጥር አጠገብ ነው። ወ/ሮ ባንቺዓለም ከደጄ አንሡልኝ፣ እኔ ገና ፎቅ ልሠራ ነኝ ብለው ተነሡ። ትንሽ ዝቅ ይበል ተባለ። ዝቅ ሲል አሁን በተወሰነው መሠረት የሰብሳቢው ቤት ከሚያርፍበት ይደርሳል። ሰብሳቢው ቤታቸው ባሕር ዛፉ ጀርባ ቢቆይ ቅሬታ እንደማይኖራቸው አስታወቁ። ወደ አቶ ሐምዱ ሱቅ ይጠጋ ተባለ። አቶ ሐምዱ እናንተ ድንኳን ስታዞሩ የኛ ሰው ተቀብሮ ያልቃል አሉ። ወደ አቶ ያለው መሥሪያ ቤት ይሂድ የሚል ሐሳብ ቀረበ። አቶ ያለው መሥሪያ ቤት አይሞትም አሉ። ሐሳቡን ያቀረቡት ወ/ሮ ባንቺዓለም መሞቱን በምን ታውቁታላችሁ አሉ።

በመጨረሻ አቶ ውበቴ ጎንበስ ብለው የድንኳኑ አፍ ወደ የትኛው በር እንደሚያይ ተመለከቱ። በሩ ሰማያዊ ነው፣ ከላይ የፈረስ ጫማ ተመትቶበታል። ወደ ኋላ ዞረው ስብሰባው የሚደረግበትን ቤት በር አዩ። ሰማያዊ ነው፣ ከላይ የፈረስ ጫማ ተመትቶበታል።

ሰብሳቢው ጸሐፊዋን ይህ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ጸሐፊዋ ለተጠየቀችው መልስ ሰጠች፦

«ድንኳኑን ልጄ ለፎቶ ሠርቶት እዚሁ ሳንቃው ላይ፣ ከትንሹ መናኸሪያ ጀርባ ጠቅልሎ አስቀምጦት ነበር። የተከልኩት እኔ ነኝ። ከቀብር ስንመለስ ደጄ ላይ ድንኳን የለም። እዚህ ገብቼ ይህችን ተከልኩለት። ሐምዱ የሸጠለትን መቀመጥ የሚችሉትንም አስገብቼ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ በቀር የነካሁት የለም።»

ጸሐፊዋ ይህን በራሷ እጅ ጽፋ እስክትጨርስ ስብሰባው ጠበቃት።

አቶ ውበቴ ይህ እኮ ቁራጭ ጨርቅ ነው አሉ። ሰብሳቢው ከአንድ ሰዓት በፊት ድንኳን ነው ብለህ ያስመዘገብከው አንተ ነህ አሏቸው። ቀጥለውም ወደ ጸሐፊዋ ዞረው፣ አሁን የምጠይቅሽ በጸሐፊነትሽ አይደለም ካሉ በኋላ፣

«ይርጋነሽ፣ ድንኳኑ እንዲነቀል ትፈቅጃለሽ?» ብለው ጠየቁ።

«አልፈቅድም።»

እስከ መቼ እንደሆነ ተጠየቀች። ደንቡ ቀን አያስቀምጥም አለች። ሰብሳቢው አላስቀመጥኩም አሉ።

ከዚህ የተነሣ የቀደሙት ውሳኔዎች እንደገና ታዩ። ሳንቃው ሳይዘቀዘቅ በበሩ አይወጣም፣ ሲዘቀዘቅ ደግሞ ድንኳኑ ይወድቃል። ስለዚህ ሳንቃው አይሄድም። ሳንቃው ካልሄደ እንግዳ የሚያየው መንገድ የለም፣ አሸዋውም አያስፈልግም። ወጣት ማእከሉ ቢሠራ ሪባኑ የሚቆረጠው ለቅሶ ላይ ይሆናል። የወ/ሮ ባንቺዓለም ፎቅ ቢወጣ ለቀስተኛ ላይ ቁልቁል ያያል፣ ይህ ደግሞ ነውር ነው። ይህን ያሉት ራሳቸው ወ/ሮ ባንቺዓለም ናቸው። በሩ ላይ የቆመው ሰውም ቆርቆሮው ገና ዝጎ የሚቀር ከሆነ ሥራ ስላለው እዚያው ይቁም ብለዋል። ስለ ሸሚዙ ተጠይቀው አይቸኮልበት አሉ።

አቶ ያለው «ጋሼ ታደለ፣ እኔ ታዲያ ለእንግዶቹ ምን ላሳይ?» ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ትልቋን ቢቸና ያሳዩ አሏቸው። አቶ ያለው እሷ ገና አልተዘጋጀችም አሉ።

ልዩ ልዩ

አቶ ሐምዱ ድንኳን በቆመበት ቤት ሳይቀመጡ መውጣት ልማድ አይደለም ብለው አግዳሚ ወንበሩን ወደ ሳንቃው አስጠጉና ተቀመጡ። አላህ ያጽናሽ አሉ። ወ/ሮ ባንቺዓለም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከጎናቸው ተቀመጡ። ሰብሳቢውም ተቀመጡ። አቶ ያለው ሌላ ስብሰባ እንዳለባቸው ገልጸው ነበር፤ ወንበሩ ላይ ቦታ ሲለቀቅላቸው ግን ተቀመጡ።

አቶ ውበቴ ቆመው ቆዩ። በኋላ በአጀንዳ 1 ላይ «ተጣርቶ መልስ ይሰጥ» የሚለው ተሰርዞ በምትኩ ቃላቸው እንዲገባ ጠየቁ። ተፈቀደ። ቃላቸውም «ድንኳኑ ሞጣ ነበር። ሰው እንደሞተ ተደውሎልኝ ነበር። አልመለስኩትም» የሚል ነው። ጸሐፊዋ ዝግ ብለው እንዲናገሩ ጠይቃቸው አንድ ጊዜ ደገሙት። ከዚያ ተቀመጡ። ጉዳዩ ከእንግዲህ አይተላለፍም።

ሰብሳቢው ስብሰባውን በጸሎት ዘጉ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። የትልቋ ከተማ መብራት መጥቶ ነበር፣ የትንሿን ግን ያጠፋ የለም።

የመጨረሻ ውሳኔ

በዛሬው ስብሰባ ስለ መንገድ፣ ስለ ወጣት ማእከል፣ ስለ ፎቅ፣ ስለ ሰብሳቢው ቤት፣ ስለ መብራት፣ ስለ ማጓጓዝና ስለ ላስቲክ ሰዎች የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ከመሻር የቀረው የትንሹ ድንኳን ምዝገባ ብቻ ነው። በአጀንዳ 1 ላይ የተጻፈው የጸሐፊዋ ጥያቄ፣ ትንሿ ከተማ ሳትነካ ባለችበት ትቀመጥ የሚለው፣ እንደ ውሳኔ ይቆጠራል፤ የሰብሳቢው መልስ ተሰርዟል።

ጸሐፊዋ ምልዓተ ጉባኤ ስትሞላ እንድትቆጠር፣ ድምፅ ሲሰጥ እንዳትቆጠር የተባለውም አብሮ ተሽሯል። ስለዚህ ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እጇን አወጣች፣ ይህም ውሳኔ በአምስት ድምፅ ጸደቀ።